ባላደራ ወይስ ባለቤት?
ስለ ጊዜያዊ መንግሥታት ሥልጣንና ስለ ተቆጣጣሪዎቻቸው

ባለፈው ወር በብሎካችን ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ያቀረቡልኝን ጥያቄ በቦታው ልመልሰው አልቻልኩም። ዛሬ በዚህች በእጅ ተጽፋ ከቤት ወደ ቤት በምትዞር መጽሔታችን ልመልሰው እሞክራለሁ። መልሱ የሚገኘው በታሪክ ውስጥ ስለሆነ መንገዱ ትንሽ ያስኬደናልና ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብሎካችን ኮሚቴ ለአንድ ዓመት ተመርጦ ዘመኑን ጨረሰ። አዲስ ምርጫ ሊደረግ በታሰበበት ሳምንት ጎርፍ መጣና የብዙ ሰው ቤት ፈረሰ፤ ከዚያም ሬሽን ሲቀነስ ሁከት ሆነ። ስለዚህ «ምርጫ እስኪደረግ ድረስ ነባሩ ኮሚቴ በባላደራነት ይቀጥል» ተባለና ሁላችንም አጨበጨብን። ይህ ከተባለ ስምንት ወር ሆነው። በዚህ መካከል ኮሚቴው ከፈረሰው የመሰብሰቢያ አዳራሽ የተረፉትን 14 ቆርቆሮዎች ሸጦ ለውኃው ቦኖ ቧንቧ ሊገዛ ወሰነ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ይሁን እንጂ እኒህ እናት ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «መምህር፣ ለመሆኑ እናንተ ባላደራ ናችሁ ወይስ ባለቤት?» አሉኝ። ወደ እኔ ዞረው የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ።

አደራ በእኛ ልማድ

አደራ ምን እንደሆነ ከሕግ አዋቂው ይልቅ ገበሬው ያውቀዋል። ሰው ለረጅም መንገድ ሲነሣ በሬውን ከጎረቤቱ ዘንድ ያስቀምጣል። ተቀባዩ በሬውን ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ከጅብ ይጠብቀዋል፣ ቢታመም መድኃኒት ይፈልግለታል። ግን አይሸጠውም፤ አያርደውም፤ ለልጁ ጥሎሽ አድርጎ አይሰጠውም። አደራው ሲሰጥ ሽማግሌ ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ ሰውየውም «ለመስቀል እመለሳለሁ» ወይም «ለፋሲካ እደርሳለሁ» ብሎ ቀኑን ይናገራል። እንግዲህ በዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የተለካ ሥራ፣ የተነገረ ቀን፣ የቆመ ምስክር። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ጎረቤታሞች ይካሰሳሉ። ሦስቱም ሲጎድሉ «አደራ በላ» የሚባለው ሰው ይወለዳል።

የባላደራ መንግሥትም ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ባላደራ መንግሥት የሚባለው የቀድሞው ሥልጣን ካበቃ በኋላ፣ አዲሱም ሳይመረጥ፣ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚይዝ መንግሥት ነው። ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አገር እንደ ሱቅ ለጥቂት ወራት አይዘጋም። የነርሷ ደመወዝ መከፈል አለበት፤ ትምህርት ቤቱ መከፈት አለበት፤ ጠረፉ መጠበቅ አለበት። ዳሩ ግን ሥልጣኑ አጭር መሆን ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሕዝቡ «ይህን ሥራልኝ» ብሎ አልመረጠውም፤ ወይም የመረጠበት ዘመን አልፏል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በደኅናው ጊዜ መንግሥትን የሚቆጣጠረው ምክር ቤት ነው። ባላደራ መንግሥት ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ምክር ቤቱ ሲበተን ወይም ዘመኑ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ቁጥጥር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው መንግሥት ሥራውን የሚጀምረው ተቆጣጣሪው ከቤት በወጣበት ሰዓት ነው። በአፍሪቃ ቀንድ የደረሰብንን ብዙ መከራ ከዚህች ክፍተት ጀምረን ብንቆጥረው አንሳሳትም።

መሐላ እንደ ተቆጣጣሪ

ጽሑፍ ያለው ሕገ መንግሥት በአገራችን ከመውጣቱ በፊትም ባላደራ ነበረ፤ ስሙም እንደራሴ ወይም ሞግዚት ይባል ነበር። አፄ ምኒልክ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ፣ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸውን አሳወጁ፤ ወራሹ ገና ልጅ ስለነበሩም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተባሉ። የዚያ ዘመን ተቆጣጣሪ መሐላና ግዝት ነበር። መኳንንቱ ማሉ፤ ቃሉን የሚያፈርስ ተረገመ፤ ለመሐላው ጠባቂ ሆነው የቆሙት ጳጳሱ ነበሩ።

ይህ አሠራር የተመሠረተው በአንድ ሰው ላይ ስለነበረ ዕድሜው አጭር ሆነ። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በምትካቸውም ሌላ እንደራሴ አልተሾመም። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት አሉ፣ ግን አይገዙም፤ ወራሹ አሉ፣ ግን አልነገሡም፤ ባላደራውም የለም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ መኳንንቱን ከመሐላቸው የፈቷቸው ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ናቸው። እንግዲህ መሐላውን የሚጠብቀውና መሐላውን የሚፈታው እጅ አንድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ምስክር መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ምስክሩ ብቻውን ሊፈታው የማይችል ሥርዓትም ያስፈልጋል።

አሥራ ሦስት ዓመት የቆየ «ጊዜያዊ»

ከእኔ የሚበልጡት አንባብያን የ1966ን ዓመት ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ እኔ ከአባቴና ከመጻሕፍት ነው የሰማሁት። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ። ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጅ ሚካኤል እምሩ ተሾሙ። ሕገ መንግሥቱን የሚያሻሽል ኮሚሽን ተቋቁሞ ረቂቅም አዘጋጅቶ ነበር። በሰኔ ወር ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ ከመቶ የሚበልጡ ወታደሮች ተሰብስበው ደርግ ሆኑ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን አወረዱ።

በዚያኑ ዕለት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1ን አንድ መምህር ለተማሪዎቹ መስመር በመስመር ቢያነብላቸው ብዙ ያስተምርበታል። የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፤ ምክር ቤቱን ዘጋ፤ ሰልፍንና የሥራ ማቆም አድማን ከለከለ፤ ይግባኝ የሌለው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቋቋመ። ወታደሩ በሥልጣን የሚቆየውም የሕዝብ ጉባኤ ተቋቁሞ አዲስ ሕገ መንግሥት እስኪያጸድቅና መንግሥት እስኪመሠረት ድረስ እንደሆነ ተናገረ። መልካም ቃል ነው። ግን «እስኪ» ከሚለው ቃል አጠገብ ቀን አልተጻፈም። ሥራው አልተለካም፤ ጠያቂ የሚሆነው ምክር ቤት ተዘግቷል፤ በአደባባይ የሚጠይቀው ሕዝብም ሰልፍ ተከልክሏል። ከሦስቱ የአደራ ምሰሶዎች አንዱም አልቆመም ማለት ነው። የሠራተኛው ማኅበርና ተማሪዎቹ ሥልጣኑ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ ብለው ጠየቁ፤ የሠራተኛው ማኅበር መሪዎች ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ ስልሳ የሚጠጉ ባለ ሥልጣኖችና መኰንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም የሞቱት በዚያው ሌሊት ነው።

እዚህ ላይ ከአንባቢ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። «ይኸው ጊዜያዊ መንግሥት አይደለም ወይ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት ለአራሹ የሰጠው? ሕጋዊ ባላደራ ቢሆን ኖሮ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠ ነበር» ይላል። እውነት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 31/1967 ለጭሰኛው ነፃነት ነበረ፤ አያቴም በዚያ ቀን ከጨፈሩት አንዱ እንደነበሩ ሲነገር ሰምቻለሁ። ይሁን እንጂ መሬቱን በአንድ ቀን አዋጅ የሰጠ እጅ፣ ጠያቂ ስለሌለበት፣ በሌላ አዋጅ እህሉን በኮታ መውሰድም፣ ልጁን ለጦርነት መውሰድም ተቻለው። ጭሰኛው ያገኘው መሬት ነው፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት ሸንጎ ግን አላገኘም። ደግ ሥራ የባላደራውን ወሰን ማለፍ ይቅርታ አያሰጠውም፤ ወሰኑን ያለፈው እጅ ነገ ለክፉ ሥራ እንደሚዘረጋ ማን ዋስ ይሆናል?

ለሥልጣን ልጓም ለማበጀት የተደረገውም ሙከራ ከውጭ ሳይሆን ከራሱ ከደርጉ ውስጥ መጣ። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ደርጉ እንደገና ተዋቅሮ ሥልጣን በጉባኤና በኮሚቴዎች መካከል ተከፋፈለ። ወሩ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ጄኔራል ተፈሪ ባንቲና የለውጡ ደጋፊዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ይህ ሰፈር ያውቀዋል፤ ከእኛ መካከል ያ ዘመን ዘመድ ያልወሰደበት ቤት ጥቂት ነው። ብሔራዊ ሸንጎው 835 አባላት ይዞ ተሰብስቦ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ከመንግሥቱ ስም የወጣው በ1979 ዓ.ም. ማለቂያ ነው። ከመስከረም 2 ቀን 1967 ቢቆጠር አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ! በእነዚያ ዓመታት የተወለደ ልጅ የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ወስዶ ነበር።

ወገኖቼ፣ «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል እኛ ስደተኞች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ቤታችን ጊዜያዊ ነው፤ ወረቀታችን ጊዜያዊ ነው፤ ልጆቻችን ግን በዚህ ጊዜያዊ ቤት ተወልደው ጢም አበቀሉ። ቃሉ ብቻውን ማንንም አያስር።

ቀኑን ያከበረ ጄኔራል

ወታደር ሁሉ አደራ በላ ነው እንዳንል ከጎረቤታችን ከሱዳን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኤፕሪል 1985 (እ.ኤ.አ.) የካርቱም ሕዝብ፣ ሐኪሞቹ፣ ጠበቆቹና የሠራተኛ ማኅበራቱ በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ላይ ተነሡ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ያን ጊዜ በምሥራቅ ሱዳን በስደት ላይ ስለነበሩ ዜናውን በቅርብ ሰምተውታል። ጄኔራል ስዋር አልደሃብ በ6ኛው ቀን ሥልጣኑን ያዙና 15 መኰንኖች ያሉበት የሽግግር ወታደራዊ ምክር ቤት መሠረቱ። ሐኪሙ አልጃዙሊ ደፍአላህ የሲቪሉ ካቢኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ጄኔራሉ «አንድ ዓመት» አሉ። በኤፕሪል 1986 ምርጫ ተደረገ፤ በሜይ ወር ሥልጣኑ ለተመረጠው ለሳዲቅ አልማህዲ መንግሥት ተላለፈ። ጄኔራሉም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ይህ የሆነው ጄኔራሉ ደግ ስለነበሩ ብቻ ነውን? አይመስለኝም። ሕዝቡን ያነሣሡት ማኅበራት ከአደባባይ ወጥተው ወደ ቤት አልገቡም፤ ካቢኔው ውስጥም ሰው ነበራቸው፤ ቀኑን እየቆጠሩ ይጠብቁ ነበር። ምክር ቤት ባይኖርም ምስክር ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ታማኝ ታሪክ ግን የአንድን ወገን ጥቅም ብቻ አይጽፍም። ያ ባላደራ መንግሥት ዓመቱን ጠብቆ ሲሄድ ሁለት ትልልቅ ጉዳዮችን ሳይነካ ትቶ ሄደ፤ በ1983 (እ.ኤ.አ.) የታወጁት የሸሪዓ ሕጎች እንዳሉ ቆዩ፤ የደቡቡም ጦርነት አልቆመም። የደቡቡ ንቅናቄ መንግሥቱን የኒሜሪ ቅጥያ ነው ብሎ ሳይቀበለው ቀረ፤ በጦርነቱ የተነሣ በደቡብ በብዙ ወረዳዎች ምርጫ አልተደረገም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጁን 1989፣ ሌላ ኩዴታ መጣ። ስለዚህ ባላደራው ወሰኑን ሲያከብር ዋጋ እንደሚያስከፍል ማመን አለብን፤ አስቸኳይ ሥራ ይዘገያል። ይሁን እንጂ ሁለቱን ስንመዝን፣ የተዘገየ ሥራ ኋላ ሊሠራ ይችላል፤ የተበላ አደራ ግን አይመለስም።

ቀን ያለው፣ ግን ራሱን የሚያራዝም

ወደ አገራችን እንመለስ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በሰኔ 1983 ዓ.ም. ማለቂያ በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ የሽግግር ወቅት ቻርተር ጸደቀ። ይህ ከአዋጅ ቁጥር 1 ጋር ሲነጻጸር እጅግ የተሻለ ጽሑፍ ነበር። 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት አቋቋመ፤ የመናገርና የመሰብሰብን መብት አወጀ፤ ቀንም ቆረጠ። ምርጫው ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ ይደረጋል፤ ምክር ቤቱ ቢፈልግ ከስድስት ወር ለማይበልጥ ጊዜ ሊያራዝመው ይችላል አለ።

ሲደመር ሁለት ዓመት ተኩል ነው። ነገር ግን ጠቅላላ ምርጫው የተደረገው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ ሥልጣኑም ለአዲሱ መንግሥት የተላለፈው በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ሆነ፤ አራት ዓመት ማለት ነው። በመካከሉ ከምክር ቤቱ ከኢሕአዴግ ቀጥሎ ብዙ መቀመጫ የነበረው ኦነግ በ1984 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ ወይም ተወገዱ። በወንበሩ ላይ የቀረው ሰው ሁሉ በአንድ ወገን እጅ ሲሆን፣ ምክር ቤቱ ስሙ ምክር ቤት ቢሆንም ምስክርነቱ ይቀንሳል። ቀኑን የማራዘም ሥልጣን ለተጠቃሚው ለራሱ ሲሰጥ ደግሞ ቀኑ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ከዚህ ሁለተኛውን ትምህርት እንወስዳለን፤ ቀን የሚያራዝመው ሰውና በመራዘሙ የሚጠቀመው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም።

አንቀጽ 60 እና የ2012 ዓ.ም. ጥያቄ

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ባላደራ መንግሥት ግልጽ ነገር ተናግሯል። ለአንባብያን ይጠቅማልና አንቀጽ 60ን በራሴ ቃል ላስረዳ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ፈቃድ ምክር ቤቱን ሊያስበትን ይችላል። ምክር ቤቱ ከተበተነ በስድስት ወር ውስጥ ምርጫ ይደረጋል፤ ምርጫው በተጠናቀቀ በሠላሳ ቀን ውስጥም አዲሱ ምክር ቤት ሥራ ይጀምራል። በመካከል አገሩን የሚመራው ወገን የዕለት ተዕለቱን የመንግሥት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ በቀር አዲስ አዋጅ፣ ደንብም ሆነ ድንጋጌ አያወጣም፤ የነበረውንም ሕግ አይሽርም፣ አያሻሽልም። በሬውን አብላ፣ አጠጣ፣ አትሽጥ ማለት ነው። ሥራው ተለክቷል፤ ቀኑም ተነግሯል።

የጎደለው ሦስተኛው ምሰሶ ነው። ባላደራው ወሰኑን ቢያልፍ ማን ያስቆመዋል? ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አባላቱን የሚልኩት ደግሞ የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ እርሱም የፖለቲካ ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።

ይህ ጉዳይ በ2012 ዓ.ም. ተፈተነ። በነሐሴ ወር ሊደረግ የታሰበው ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እንደማይደረግ የምርጫ ቦርዱ አስታወቀ፤ የምክር ቤቱም አምስት ዓመት ሊያልቅ ነው። አራት መንገዶች ቀረቡ፤ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ወይም ሕገ መንግሥቱን ማስተርጐም። የመጀመሪያው መንገድ ቢመረጥ ኖሮ መንግሥቱ በአንቀጽ 60 ወሰን ውስጥ በገባ ነበር። የተመረጠው አራተኛው ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በ114 ድምፅ ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ፣ ምርጫው ወረርሽኙ ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ እንዲደረግ፣ እስከዚያው ነባሩ መንግሥት እንዲቀጥል ወሰነ። ከተራዘመላቸው ምክር ቤቶች አንዱም ውሳኔውን የሰጠው ራሱ ምክር ቤቱ ነበር።

በሽታው ውሸት አልነበረም፤ ሰው እየሞተ ምርጫ ማድረግም ቀላል አይደለም። ግን የተራዘመው ባላደራ ሳይሆን ሙሉ ሥልጣን ያለው መንግሥት ሆነ። በትግራይ ያሉት ደግሞ «ዘመኑ ያለፈበትን መንግሥት አናውቅም» ብለው ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የራሳቸውን ምርጫ አደረጉ፤ ፌዴራሉም «ያን ምርጫ አላውቅም» አለ። ሁለቱም ወገን አንዱን ሕገ መንግሥት በእጁ ይዞ ነበር፤ ሁለቱም የሚሰሙት ዳኛ ግን አልነበረም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ፈነዳ። ጦርነቱ ብዙ ሥር አለው፤ አንዱን ብቻ ነቅሎ «ይኸው» ማለት አይገባም። ሆኖም ከእነዚያ ሥሮች አንዱ «ዘመኑ ሲያልቅ ማን ባላደራ ነው? ለማንስ ይጠየቃል?» የሚለው ያልተመለሰ ጥያቄ እንደነበረ መካድ አይቻልም። ጠቅላላ ምርጫው በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተደረገው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ በትግራይ አልተደረገም።

ያልተሰበሰበው ምክር ቤት

ከሱዳን የመጡት ጎረቤቶቻችን የነገሩኝ ሌላው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል። በኦገስት 2019 (እ.ኤ.አ.)፣ ኦማር አልበሽር ከወረዱ በኋላ፣ ወታደሩና ሲቪሉ ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ ፈረሙ። ሰነዱ የሽግግሩን ጊዜ 39 ወር ብሎ ቆረጠ። ከ300 የማይበልጡ አባላት ያሉት የሕግ አውጪ ምክር ቤት በ90 ቀን ውስጥ እንዲቋቋም አዘዘ፤ ከአባላቱም ቢያንስ 40 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ደነገገ። እስኪቋቋም ድረስ ግን ሕግ የማውጣቱን ሥራ የሉዓላዊነት ምክር ቤቱና ካቢኔው በጋራ ይሥሩት አለ።

ያቺ «እስኪቋቋም ድረስ» የምትለዋ ቃል በሩን ከፈተች። 90ው ቀን አለፈ፤ ዓመት አለፈ፤ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ምክር ቤቱ አንድ ቀን እንኳ አልተሰበሰበም። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ወታደሩ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክን ሲያስር፣ «ይህ አይሆንም» ብሎ የሚቆም የተቋቋመ ሸንጎ አልነበረም፤ በመንገድ ላይ የቆሙት ወጣቶች ብቻ ነበሩ። ሥልጣን የያዙት ሁለቱ ጄኔራሎች በኤፕሪል 15 ቀን 2023 እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ ካርቱምም ነደደች። የእነዚያን ወጣቶች አንዳንዶቹን ዛሬ በቦኖው ሰልፍ ላይ ከእኛ ጋር እናያቸዋለን።

በወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ነበረ፤ ሥራው ተጽፏል፤ ቀኑም ተጽፏል፤ ተቆጣጣሪውም ተጽፏል። ተቆጣጣሪው ግን ከወረቀቱ ላይ ወርዶ ወንበር ላይ አልተቀመጠም።

ያለንበትስ አገር?

ይህች ካምፕ ያለችበት የኬንያ የ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ስለዚህ ነገር ዝርዝር አንቀጽ አለው። ቁጥሩ 134 ነው። የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን አንሥቶ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ እስኪፈጽም ድረስ፣ በወንበሩ ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ዳኛ አይሾምም፣ ሚኒስትር አይሾምም አይሽርም፣ አምባሳደር አይልክም፣ ለእስረኛ ምሕረት አያደርግም፣ ኒሻንም አይሰጥም። «የዕለት ተዕለት ሥራ» የሚለው ሰፊ ቃል ለክርክር ይመቻል፤ እንዲህ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የተከለከለ ነገር ግን ለመካድ አይመችም። ክርክር ቢነሣም ጉዳዩን የሚያየው ፍርድ ቤት አለ። ኬንያም የራሷ ችግር አላት፤ ገነት ነች አልልም። ሆኖም ወሰኑን በቁጥር መጻፍ መልካም ዘዴ ነው፤ ብንማረው አይጐዳንም።

ለእኒያ እናት የምሰጠው መልስ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ ወደ 14ቱ ቆርቆሮዎች እንመለስ። ታሪኩ የሚነግረን አጭር ነው። ባላደራን ባላደራ የሚያደርገው ስሙም ደግነቱም አይደለም። ሊሠራ የማይችለው ነገር ተቆጥሮ ሲጻፍ፣ የሚሄድበት ቀን እርሱ ራሱ ሊያራዝመው በማይችል እጅ ሲቆረጥ፣ የሚጠይቀውም አካል ባላደራው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወንበሩን ሲይዝ ነው። ከሦስቱ ኋላ ሊቀር የማይገባው የመጨረሻው ነው። ጠያቂ ካለ ያልተጻፈውን ቀን ያስጽፋል፤ ጠያቂ ከሌለ የተጻፈውም ይለጠጣል።

በዚህ መስፈርት ስንለካ፣ እማማ፣ ኮሚቴያችን ስምንት ወር ሙሉ እንደ ባለቤት እንጂ እንደ ባላደራ አልሠራም። ሥራችንን አልለካንም፤ ቀን አልቆረጥንም፤ ሒሳባችንን ያየ ሰው የለም። ገንዘብ አልጠፋም፤ ነገር ግን አለመጥፋቱን የምታውቁት እኔ ስለነገርኳችሁ ብቻ ነው፤ ይህም ምስክርነት አይደለም። የቧንቧው ሐሳብ በጎ መሆኑም አያድነንም፤ በጎ ሐሳብ ይዞ የጀመረውን ከላይ አይተናል። ሳጨበጭብ ከነበሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ከራሴ እጀምራለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ይህ ነው። ቆርቆሮዎቹ አይሸጡ፤ የተመረጠው ኮሚቴ ይወስንበት። የምርጫውን ቀን ኮሚቴው ሳይሆን ጠቅላላው ስብሰባ ይቁረጥ፤ ጎርፍ ወይም ሌላ ችግር ቢመጣም የሚያራዝመው ያው ስብሰባ እንጂ እኛ አንሁን። ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሦስት ሰዎች፣ ከእነርሱም ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ከነገ ጀምሮ መዝገቡን ይመርምሩ። ጠያቂዋ እናት ፈቃዳቸው ቢሆን አንዷ እርሳቸው ቢሆኑ ደስ ይለኛል። «ቧንቧው እስከዚያ ይቆያል፤ ልጆቻችን ውኃ ይጠማቸዋል» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፤ ስለዚህ ምርጫውን እናፍጥነው።

መዝገቡ እኔ ቤት ነው፤ በሩ ቀን ቀን ክፍት ነው። ቆርቆሮዎቹም ከቤቴ ጀርባ በሸራ ተሸፍነዋል፤ 14 ናቸው። መጥታችሁ ቁጠሩ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አቀብሉ፤ የምትቃወሙትም ካለ ጻፉ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ አለው። ቸር ያሰማን።